ያልነደደው

ሐምሌ ነው፣ አፉላ። ቆርቆሮው ይንጫጫል።
ከጋራዤ ደጃፍ ቢያድግልኝ ቆሟል፣
ነጭ ቫኑን ይዞ፣ ጭንቀቱን ደብቆ፣
ኮፍያውን በእጁ እንደ ጨርቅ ጨምቆ።

«ይስማው» አለኝ፣ «ስማኝ፤ ምን እንደያዛት እንጃ፣
ሜዳ ላይ ፈረስ ናት፣ ዳገት ላይ ፍርጃ።
የጊቭዓት ሃሞሬን አቀበት ስንደርስ
ብረግጥ፣ ብረግጥ፣ ሥራዋ ማልቀስ።
ከሰባት ሽማግሌ ሦስቱን ትናንት ጠዋት
‹ውረዱልኝ› አልሁኝ፣ ክብደት ብቀንስላት፤
በከዘራ ሄደው ቀድመውኝ ደረሱ፣
‹በቅሎ ይሻልሃል› እያሉ ወቀሱ።»

«ሌላም አለ» ሲለኝ ድምፁ አነሰ፤
«ማሳ ዳር ባቆማት ገለባው ከሥሯ ጨሰ።
በመጠጥ ውሃዬ ባላጠፋው ኖሮ…»
አልጨረሰውም።
እኔም አልጠየቅሁት።

ሁለት ጋራዥ ዞሯል፤
አንዱ ፓምፕ ሸጠለት፣ አንዱ አዲስ ማጣሪያ፤
ዳገቱ ግን ያው ነው፣ ቫኗም ያው አህያ።

እኔ መፍቻ ሳልይዝ ማድመጥ ነው ልማዴ፤
አስነሣኋት፣ ቆምሁኝ ተመርኩዤ በክንዴ።
ከአራቱ ሲሊንደር አንዱ ይንተባተባል፤
ሦስቱ ሲናገሩ እሱ ቃል ይውጣል።

ከሥሯ ገባሁኝ ካርቶን አንጥፌ፣
የሙቀት መለኪያ በጣቴ አቅፌ፤
ካታሊቲኩ ፊቱ ሦስት መቶ፣ ጀርባው ስድስት መቶ፤
ጭስ ማውጫነቱን ትቶ ምድጃ ሆኗል ቀልቶ።
ሽታው የገማ እንቁላል። በጎማ መዶሻ ነካሁት በዝግታ፤
ጣሳ ውስጥ እንዳለ ቆሎ ተንኮሻኮሸ አንድ አፍታ።
የፊቱን ሴንሰር ነቅዬ ግፊት ለካሁበት፤
መርፌው ዘሎ ወጣ፣ ቀዩን አለፈበት።
መተንፈሻ የላት፤ እንዴት ትውጣ ዳገት?

«አዲሱ ስንት ነው? ለውጥልኝ በቃ፤
ሰዎቹ ጠዋት ላይ በር ላይ ናቸው ለእኔ ሲሉ ነቅተው።»
«ቆይ» አልሁት።
«የተቃጠለውን አየን። ያቃጠለው የታለ?»

የሦስተኛውን ሻማ ፈትቼ ባወጣ
ጥቁር ነው፣ የራሰ፣ ነዳጅ የጠጣ፤
ኮይሉም ተሰንጥቋል በፀጉር ልክ ስንጥቅ፣
እሳቱ ሾልኮ ወጥቶ ሻማው ጋ የማይዘልቅ።

«ይኸውልህ» አልሁት፣ «ይህ ሦስተኛ ቤት
እንደ ሦስቱ ይጠጣል፤ ክብሪት ነው ያጣበት።
ያልነደደው ነዳጅ ደግሞ የትም አይጠፋም፣ በቱቦው ይወርዳል፤
መንደድ በማይገባው ቤት ገብቶ ይነድዳል።
ብትለውጠው ኖሮ ይህን ሳታክም፣
አዲሱም ከመስከረም ወዲያ አይሻገርም።»

ቆርጬ አሳየሁት። ውስጡ የማር እንጀራ ነበር፣
ቀዳዳው በሺህ የሚቆጠር፤
ቀልጦ፣ ተጋግሮ፣ እንደ ጡብ ደንብሮ።
ሰፈፉ ቢቀልጥም ወርቁ ውስጥ አለና
ቁራሌው ከአጥሩ ላይ ዋጋ ጠራ ገና።

ኮይሉን ቀየርሁ በፊት። ካታሊቲኩን ኋላ።
አቀበቱን ስንወጣ ቢያድግልኝ ዘፈነ፣
ማርሽ ሦስት፣ ማርሽ አራት፤
እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ
የታጨደውን ሜዳ አያለሁ።

እኛም ቤት አራት ነን።
ሦስተኛው ኢታይ ነው፤ ከሠራዊት ከመጣ ፋሲካ ላይ ወዲህ
እራት ይበላል ከኛው ጋር፣
ጨው አቀብሉኝ እንኳ አይልም፣
ተነሥቶ ራሱ ያመጣል።
ሌሊት ደግሞ አንድ ነገር ይሰበራል።

የክፍሉን በር ሁለት ጊዜ ለውጫለሁ።
ሁለተኛው ጠንካራ እንጨት ነው፤
ሻጩ ዋስትና ሰጥቶኛል።

ቢያድግልኝ «ሒሳቡ ስንት ነው?» ይለኛል።
«ምን?» እለዋለሁ።
«ይስማው፣ አትሰማም እንዴ!»

ማታ እጄን ታጠብሁ፤ ጥፍሬ ሥር ያለው ጥላሸት አልለቅ አለ።
ወንበር ይዤ ከበሩ ጎን ተቀመጥሁ፤
አላንኳኳሁም።
ከውስጥ ማራገቢያው ይዞራል፤
ከሱ ሥር፣ በጣም ከታች፣ አንድ ትንፋሽ
ይጀምርና
ይቋረጣል።